ከቅበላ በኋላ የሚመጣው ሁለተኛው ደብዳቤ፦ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ዕዳና የድርድር ዕድል

በዩናይትድ ስቴትስ ሐኪም ለመሆን የሚያመለክት ወጣት ሁለት ደብዳቤዎችን ይጠብቃል። የመጀመሪያው የቅበላ ደብዳቤ ነው። ቤተሰብ ተሰብስቦ ምስጋና የሚያደርሰው፣ ዘመድ አዝማድ ከአገር ቤት እስከ ባሕረ ሰላጤው ድረስ በስልክ የሚበሳሰረው ይህ ደብዳቤ ሲደርስ ነው። ሁለተኛው ደብዳቤ ከሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ከወራት በኋላ ይመጣል። በውስጡ የትምህርት ዘመኑ ጠቅላላ ወጪ፣ ትምህርት ቤቱ ሊሰጥ ያሰበው የገንዘብ ድጋፍ፣ እንዲሁም ተማሪው በብድር ወይም በቤተሰቡ አቅም እንዲሸፍነው የሚጠበቅበት ቀሪ ገንዘብ በአኃዝ ተዘርዝሯል።

ብዙ ቤተሰቦች፣ በተለይም ከሌላ አገር ሄደው በአሜሪካ የሰፈሩት፣ ይህን ሁለተኛ ደብዳቤ ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቀበሉታል። ይሁን እንጂ በደብዳቤው ላይ የሠፈረው አኃዝ በአብዛኛው የመጨረሻ ቃል አይደለም። የራሱ ደንብና ቀነ ገደብ ያለው፣ በማስረጃ የሚካሄድ የድጋሚ ምርመራ በር አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የአሜሪካ ሕግ በተማሪዎች የፌዴራል ብድር ላይ ጣሪያ ካስቀመጠ ወዲህ ደግሞ በዚህ በር መግባትና አለመግባት ለአንዳንድ ተማሪዎች ትምህርቱን የመጀመርና ያለመጀመር ጉዳይ ሆኗል።

የወጪውና የዕዳው መጠን

በአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ አራት ዓመት የሚወስድ ሲሆን፣ ተመራቂው ራሱን ችሎ እስኪሠራ ድረስ እንደየሙያ ዘርፉ ተጨማሪ የሥልጠና ዓመታት ይጠብቁታል። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር የሚያወጣቸው መረጃዎች እንደሚያሳዩት፣ የትምህርት ክፍያ፣ ኪራይ፣ ምግብና መድን ተደምረው የአራቱ ዓመታት መካከለኛ ወጪ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ280,000 ዶላር በላይ፣ በግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ ወደ 390,000 ዶላር ይጠጋል። ከተመራቂዎቹ ብዙዎቹ በዕዳ የሚወጡ ሲሆን፣ ዕዳ ያለባቸው ተመራቂዎች መካከለኛ የዕዳ መጠን 200,000 ዶላር አካባቢ ነው።

ይህ ዕዳ ባለበት አይቆምም። ለሕክምና ተማሪዎች የሚሰጠው የፌዴራል ብድር ወለድ መቁጠር የሚጀምረው ገንዘቡ ከተከፈለበት ዕለት አንሥቶ እንጂ ተማሪው ከተመረቀ በኋላ አይደለም። ለ2025–26 የትምህርት ዘመን የተወሰነው የወለድ መጠን 7.94 በመቶ ነበር። በዚህ ስሌት በመጀመሪያው ዓመት የተወሰደ 50,000 ዶላር በአራተኛው ዓመት ማብቂያ ላይ ወደ 16,000 ዶላር የሚጠጋ ወለድ ይሸከማል። ስለዚህ በመግቢያው ላይ በድጋፍ መልክ የተገኘች እያንዳንዷ ሺህ ዶላር ዋጋዋ ከአንድ ሺህ ይበልጣል።

የወጪው ክብደት ማን ሐኪም እንደሚሆንም ይወስናል። የዚሁ ማኅበር ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ ወደ አሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከሚገቡት ተማሪዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚመጡት በገቢ ደረጃ በአገሪቱ የላይኛው 40 በመቶ ውስጥ ከሚገኙ ቤተሰቦች ነው። ሌሊት ታክሲ የሚነዳ፣ በሆቴል ወይም በአረጋውያን መንከባከቢያ የሚሠራ ወላጅ ልጅ በዚህ ወንፊት ውስጥ ማለፍ የሚችለው በብርታቱ ብቻ አይደለም፤ የገንዘቡ መንገድም ሊከፈትለት ይገባል።

አዲሱ ሕግ ምን ለወጠ?

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ለዚህ ችግር የአሜሪካ መንግሥት መልስ «ግራድ ፕላስ» የተባለው ብድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ ላይ የዋለው ይህ ብድር ተማሪው ከሌላ ምንጭ ያላገኘውን ወጪ ሁሉ፣ ትምህርት ቤቱ እስካስቀመጠው ጠቅላላ ወጪ ድረስ፣ እንዲበደር ያስችለው ነበር። በመሆኑም ሁለተኛው ደብዳቤ የቱንም ያህል ቢከብድ ተማሪው ትምህርቱን ሊጀምር ይችላል፤ ጭነቱ ወደፊት ይተላለፋል እንጂ በሩ አይዘጋም ነበር።

ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2025 የፈረሙት ሰፊ የታክስና የበጀት ሕግ ይህን አሠራር ቀይሮታል። ሕጉ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ «ግራድ ፕላስ» ለአዲስ ተበዳሪዎች እንዲዘጋ የወሰነ ሲሆን፣ ሕክምናን ለመሰሉ የሙያ ትምህርቶች የሚሰጠውን የፌዴራል ብድር በዓመት በ50,000 ዶላር፣ በጠቅላላው ደግሞ በ200,000 ዶላር ገድቦታል። ከዚያ ቀን በፊት ትምህርታቸውን ጀምረው ለተበደሩት የተወሰነ የሽግግር ጊዜ ተሰጥቷል።

የሕጉ ደጋፊዎች ገደብ የሌለው ብድር ትምህርት ቤቶች ክፍያቸውን ያለ ሐሳብ እንዲያስወድዱ አድርጓል፤ ጣሪያው ዋጋውን ይገታል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው ዋጋው እስኪወርድ ድረስ የሚጎዳው የደኻው ልጅ ነው፤ ወይ ወደ ግል አበዳሪዎች ይገፋል ወይ ሙያውን ይተዋል ሲሉ ይከራከራሉ። የሁለቱ ወገኖች ክርክር ወደፊት በተግባር የሚታይ ቢሆንም፣ ለዛሬው አመልካች ግን አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ በጣሪያውና በወጪው መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ የፌዴራል ብድር ከእንግዲህ የለም።

ክፍተቱን ለመሙላት የሚቀረው የግል ባንክ ብድር ነው። የግል አበዳሪ ደግሞ የተበዳሪውን የብድር ታሪክ ይመረምራል፤ አብዛኛውን ጊዜም አስተማማኝ ገቢ ያለው ዋስ ይጠይቃል። ወላጆቹ ወደ አገሩ ከገቡ ብዙ ዓመት ያልሆናቸው ተማሪ እንዲህ ያለ ዋስ ለማግኘት ይቸገራል። ከዚህም በላይ፣ ለመንግሥትና ለበጎ አድራጎት ተቋማት አሥር ዓመት የሠራ ባለሙያ 120 ክፍያዎችን ከፈጸመ በኋላ ቀሪ ዕዳው የሚሠረዝበት የፌዴራል ፕሮግራም የግል ብድርን አይመለከትም።

የአምስት ሺህ ዶላር ዋጋ

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት አንድ ምሳሌ መውሰድ ይጠቅማል። አንዲት ተማሪ ከሁለት ትምህርት ቤቶች ቅበላ አገኘች እንበል። የመጀመሪያው የግል ትምህርት ቤት የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 95,000 ዶላር ሲሆን፣ የ40,000 ዶላር ድጋፍ ሰጥቷታል። ሁለተኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት ወጪው 62,000 ዶላር ነው፤ የሰጣት ድጋፍም 10,000 ዶላር ብቻ ነው። በመጀመሪያ ሲታይ ለጋሱ የግሉ ትምህርት ቤት ይመስላል። ነገር ግን ድጋፉ ከወጪው ሲቀነስ ለመጀመሪያው 55,000፣ ለሁለተኛው 52,000 ዶላር ይቀራል። አራት እጥፍ ድጋፍ የሰጠው ትምህርት ቤት ውዱ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ስለዚህ ሊነጻጸር የሚገባው የድጋፉ መጠን ሳይሆን ከድጋፉ በኋላ የሚቀረው ወጪ ነው።

ቀጥሎ ያለው እርምጃ ይህን ቀሪ ወጪ ከ50,000 ዶላሩ ጣሪያ ጋር ማስተያየት ነው። በመጀመሪያው ትምህርት ቤት 5,000፣ በሁለተኛው 2,000 ዶላር በየዓመቱ ከጣሪያው በላይ ይሆናል። ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ትንሽ የሚመስለው ይህ ገንዘብ ተማሪዋን ወደ ግል አበዳሪና ወደ ዋስ ፍለጋ የሚወስዳት ነው። በአንጻሩ ከሁለቱ ትምህርት ቤቶች አንዱ ድጋፉን በዚያች መጠን ቢያሻሽል፣ የግል ብድር ሳያስፈልጋት ትምህርቷን ትጀምራለች። ቀደም ሲል እንዲህ ያለው ማሻሻያ ዕዳን በጥቂቱ የሚያቃልል ነበር፤ በአዲሱ ሕግ ግን መንገዱን ራሱን የሚከፍት ሊሆን ይችላል።

ትምህርት ቤቶች ለምን ይሰማሉ?

አንድ ትምህርት ቤት ውሳኔውን እንደገና የሚያይበት ምክንያት ከበጎ ፈቃድ ባሻገር በአሠራሩ ውስጥ ይገኛል። ትምህርት ቤቶች ካላቸው ቦታ የሚበልጥ ቁጥር ያላቸውን አመልካቾች ይቀበላሉ፤ አንድ ክፍል ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር የሚወዳደሩባቸው ናቸው። ሌላ ትምህርት ቤት የመረጠ ተማሪ ሲቀር ለእርሱ ታስቦ የነበረው ድጋፍ ወደ ቋቱ ይመለሳል። በመሆኑም በማርች ወር «የለም» የተባለ ገንዘብ በኤፕሪል ማብቂያ ሊገኝ ይችላል።

ይሁን እንጂ የሁሉም ትምህርት ቤት ቋት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዶቹ በውጤትና በችሎታ ላይ የተመሠረተ ነፃ የትምህርት ዕድል ይሰጣሉ። ለምሳሌ በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ከዴቪድ ጌፈን ባገኘው 100 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ ለተመረጡ ተማሪዎች ሙሉ ወጪያቸውን መሸፈን ጀምሯል። የሐርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤትን የመሳሰሉት ደግሞ ድጋፋቸውን በችግር መጠን ላይ ብቻ ይመሠርታሉ። ለእነዚህ «ሌላው ትምህርት ቤት ስለ ውጤቴ ይህን ያህል ሰጥቶኛል» ማለት ክብደት የለውም። በአንጻሩ ሌላ በችግር መጠን የሚሰጥ ትምህርት ቤት የዚያኑ ቤተሰብ አቅም ዝቅ አድርጎ ገምቶ ከሆነ፣ የስሌት ልዩነቱን ማሳየት ተገቢ ማስረጃ ነው። ስለሆነም ማንኛውም አመልካች ከመጻፉ በፊት የሚጽፍለት ትምህርት ቤት ድጋፉን በምን መሠረት እንደሚሰጥ ማወቅ ይኖርበታል።

አልፎ አልፎ አነስተኛ ድጋፍ ከመጠኑ በላይ የሆነ ውጤት ያስገኛል። በቴክሳስ ሕግ መሠረት ከሌላ ግዛት የመጣ ተማሪ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቢያንስ የ1,000 ዶላር በውድድር የሚገኝ ስኮላርሺፕ ካሸነፈ፣ እንደ ግዛቱ ነዋሪ ተቆጥሮ ዝቅተኛውን የትምህርት ክፍያ ሊከፍል ይችላል። በነዋሪና በእንግዳ ክፍያ መካከል ያለው ልዩነት ሲታሰብ የዚያች አንድ ሺህ ዶላር ዋጋ ግልጽ ይሆናል።

ከፌብሩዋሪ እስከ ኤፕሪል 30

አብዛኞቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች «አምካስ» በተባለው የጋራ የማመልከቻ ሥርዓት ይጠቀማሉ። በዚህ ሥርዓት ደንብ ከአንድ በላይ ቅበላ ያገኙ አመልካቾች እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ የያዟቸውን ቦታዎች ከሦስት እንዳይበልጡ፣ እስከ ኤፕሪል 30 ድረስ ደግሞ የሚገቡበትን አንድ ትምህርት ቤት እንዲያመለክቱ ይጠበቃል። የአመልካቹ ቃል ክብደት የሚኖረው በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ አማራጩን የጨረሰ ተማሪ የሚጽፈው ደብዳቤ በትሕትና ቢነበብም ትምህርት ቤቱን የሚያስቸኩለው ነገር አይኖርም። ከተጠባባቂዎች ዝርዝር ዘግይቶ የተጠራ አመልካች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የተሰጠውን ከመቀበል ውጭ ብዙ አማራጭ የለውም።

ጥያቄው የሚቀርብበት መንገድም ወሳኝ ነው። የገንዘብ ድጋፍ ጽሕፈት ቤቶች «ድርድር» የሚለውን ቃል አይወዱም፤ የገበያ ክርክር የሚመስል ደብዳቤ ያስከፋቸዋል። የሚቀበሉት «ውሳኔው እንደገና ይታይልኝ» የሚል፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ፣ በምስጋና የሚጀምር ማመልከቻ ነው። በውስጡ ትምህርት ቤቱ የተመረጠበት ምክንያት፣ የተለወጠው የቤተሰብ ሁኔታ ወይም የተሻለው የሌላ ትምህርት ቤት ውሳኔ፣ እንዲሁም ክፍተቱን የሚሞላው ገንዘብ በትክክለኛ አኃዝ ሊገለጽ ይገባል። «ተጨማሪ ድጋፍ ቢደረግልኝ» ከማለት «በዓመት 5,000 ዶላር ቢጨመር ሙሉ ወጪዬን በፌዴራል ብድር መሸፈን እችላለሁ» ማለት ለኃላፊው ሥራውን ያቀልለታል።

ማስረጃው እውነተኛ መሆን አለበት። ትምህርት ቤቱ የተጠቀሰውን የሌላ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ቅጂ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያልተሰጠን ተሰጠኝ ያለ አመልካች ቅበላውን ጭምር ሊያጣ ይችላል። ድጋፉ ለአንድ ዓመት ይሁን ለአራት፣ ለመቀጠሉ የተቀመጠ ቅድመ ሁኔታ ይኑር አይኑር በጽሑፍ መጠየቅም አስፈላጊ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ የሚሰጥ 20,000 ዶላር በየዓመቱ ከሚሰጥ 8,000 ዶላር ያንሳልና።

ቅጹ የማያየው

በችግር መጠን የሚሰጥ ድጋፍ የሚሰላው ቤተሰቡ በሞላው ቅጽ ላይ ተመሥርቶ ነው። «ፋፍሳ» የተባለው የፌዴራል ቅጽ የሕክምና ተማሪን ከወላጆቹ ነፃ እንደሆነ ይቆጥረዋል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ግን ከራሳቸው ቋት ለሚሰጡት ድጋፍ የወላጆችን ገቢና ንብረት ይጠይቃሉ፤ ተማሪው ሠላሳ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ቢሆንም እንኳ። ይህን ባለማወቅ፣ ወይም አባት ገመናውን ለማያውቀው ቢሮ መግለጥ ስለከበደው፣ የወላጅን ክፍል ባዶ የሚተዉ ተማሪዎች ከትምህርት ቤቱ ስጦታ ውጭ ሆነው ብድር ብቻ ይቀርብላቸዋል።

ሌላው ጉዳይ ቅጹ የሚመለከተው ያለፈውን ገቢ መሆኑ ነው። ለ2026–27 የትምህርት ዘመን የሚሞላው «ፋፍሳ» የሚጠይቀው የ2024ን የታክስ መረጃ ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል ሥራውን ያጣ፣ የታመመ ወይም ንግዱ የቀዘቀዘበት ወላጅ በወረቀቱ ላይ አሁንም እንደ ቀድሞው ገቢ ያለው ሆኖ ይታያል። የአሜሪካ የከፍተኛ ትምህርት ሕግ የገንዘብ ድጋፍ ኃላፊዎች እንዲህ ያለውን ልዩ ሁኔታ በማስረጃ መርምረው ስሌቱን እንዲያስተካክሉ ሥልጣን ይሰጣቸዋል፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ለራሳቸው ገንዘብ ተመሳሳይ አሠራር ይከተላሉ። የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ፣ የሐኪም ቤት ሒሳብ፣ የቅርብ ወራት የደመወዝ ሰነድ ለዚህ ያገለግላሉ።

ከስደተኛ ቤተሰብ ትከሻ የማይወርድ አንድ ሸክም ደግሞ በቅጹ ላይ ራሱን የቻለ ቦታ የለውም። አገር ቤት ላሉ አረጋውያን ወላጆች፣ ለወንድምና ለእኅት ልጆች በየወሩ የሚላከው ገንዘብ ነው። በወረቀት ላይ መካከለኛ ገቢ ያለው የሚመስለው ቤተሰብ እንዲያውም ሁለትና ሦስት ቤት የሚያስተዳድር ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤቶች ይህን የመቀበል ግዴታ ባይኖርባቸውም፣ በሕጋዊ የሐዋላ ደረሰኝ ተደግፎ ካልተነገራቸው በስተቀር ሊያውቁት የሚችሉበት መንገድ የለም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሚያቆመው ይሉኝታ ነው። በኢትዮጵያ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ በአብዛኛው የሚመደበው በመንግሥት ነው፤ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የወጪ መጋራት ሥርዓትም በደንብ የተወሰነ እንጂ ከግለሰብ ጋር የሚነጋገሩበት አይደለም። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚወዳደሩበት የቱርኪዬ መንግሥት ስኮላርሺፕም የትምህርት ክፍያን፣ መኖሪያንና ወርሃዊ አበልን በአንድነት ይዞ የሚመጣ ሲሆን፣ የተሰጠው ይወሰዳል ወይም ይተዋል። በእነዚህ ሥርዓቶች ያደጉ ወላጆች «ከተሰጠን በላይ ብንጠይቅ ቅበላው ይሠረዛል» ብለው ቢሠጉ አያስገርምም። ሆኖም በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ቅበላን የሚወስነውና የገንዘብ ድጋፍን የሚወስነው ክፍል በአብዛኛው የተለያዩ ናቸው፤ በትሕትና የቀረበ ማመልከቻ ቅበላን የሚያሠርዝ ነገር አይደለም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለው ብሂል ለብዙ ነገር ቢጠቅምም፣ እዚህ ላይ የሚሠራው ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለው ነው።

ወለድና የሙስሊም ቤተሰቦች ጥያቄ

ለሙስሊም ተማሪዎች ጉዳዩ ተጨማሪ ገጽታ አለው። የፌዴራሉም ሆነ የግሉ ብድር በወለድ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ብዙ ቤተሰቦች ከሒሳቡ በፊት የሃይማኖት ጥያቄ ይገጥማቸዋል። በምዕራቡ ዓለም የሚገኙ ዑለማዎች ስለ ትምህርት ብድር የሚሰጡት መልስ አንድ ወጥ አይደለም፤ አስገዳጅ ሁኔታን ከግምት የሚያስገቡ አሉ፤ በጥብቅ የሚከለክሉም አሉ። የትኛውንም አስተያየት ለሚከተል ቤተሰብ ግን አንድ ድምዳሜ የጋራ ነው፤ የማይመለስ ስጦታ ከብድር ይቀድማል። ስለሆነም ለእነዚህ ተማሪዎች የድጋሚ ምርመራ ማመልከቻ ገንዘብ የመቆጠብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ኅሊናን የማሳረፍም ጉዳይ ነው።

ከወለድ የራቁ መንገዶች ጨርሶ የሉም ማለት አይቻልም። በአሜሪካ ለሙስሊም ተማሪዎች ቀርድ ሐሰን፣ ማለትም ወለድ የሌለው ብድር፣ የሚሰጡ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተመሥርተዋል፤ አቅማቸው ግን ከሕክምና ትምህርት ወጪ አንጻር ውሱን ነው። ናሽናል ሄልዝ ሰርቪስ ኮር የተባለው የፌዴራል ፕሮግራም የአሜሪካ ዜጎች ለሆኑ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያቸውን ሸፍኖ የኑሮ አበል ይሰጣል፤ በምትኩ ተመራቂው ሐኪም በማይበዛባቸው አካባቢዎች ለእያንዳንዱ የድጋፍ ዓመት አንድ ዓመት፣ ቢያንስ ግን ሁለት ዓመት ያገለግላል። በባሕረ ሰላጤው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 በዶሃ የተመሠረተው የዌል ኮርኔል የሕክምና ትምህርት ቤት ተጠቃሽ ነው። በዚያ ለሚማሩ አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች ካታር ፋውንዴሽን ወለድ የሌለው ብድር የሚያቀርብ ሲሆን፣ ብድሩ በካታር በመሥራት የሚቃለልበት አሠራርም አለው። በብሪታንያ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሕግ ከእስላማዊ መርሕ ጋር የሚስማማ የተማሪዎች ፋይናንስ እንዲዘጋጅ ቢፈቅድም፣ ሥራ ላይ መዋሉ ለዓመታት ተጓትቷል።

በተማሪ ቪዛ ወደ አሜሪካ ለመሄድ የሚያስቡ፣ ለምሳሌ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያደጉ ወጣቶች፣ ሌላ ግድግዳ ይጠብቃቸዋል። የፌዴራል ብድር ለዜጎች፣ የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ላላቸውና በሕግ ለተለዩ ጥቂቶች እንጂ ለእነርሱ አልተፈቀደም። ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የውጭ አገር ዜጎችን አይቀበሉም፤ ከሚቀበሉትም አንዳንዶቹ የበርካታ ዓመታት ክፍያ አስቀድሞ በባንክ እንዲቀመጥ ይጠይቃሉ። ለእንዲህ ያለው አመልካች ስለ ገንዘብ ድጋፍ መጠየቅ ያለበት ከቅበላ በኋላ ሳይሆን ከማመልከቱ በፊት ነው።

ድርድር ፍትሕን ይተካልን?

ባለፉት ዓመታት አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ድርድሩን ራሱን የሚያስቀር መንገድ ጀምረዋል። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ለሁሉም ተማሪዎቹ የትምህርት ክፍያን አስቀርቷል። በብሮንክስ የሚገኘው የአልበርት አንስታይን የሕክምና ኮሌጅ በፌብሩዋሪ 2024 ከቀድሞ የኮሌጁ ፕሮፌሰር ከዶክተር ሩት ጎትስማን አንድ ቢሊዮን ዶላር ስጦታ ተቀብሎ ተመሳሳይ እርምጃ ወስዷል። በዚያው ዓመት ጁላይ ወር ብሉምበርግ ፊላንትሮፒስ ለጆንስ ሆፕኪንስ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሰጠ ሲሆን፣ በዚህም የቤተሰባቸው ዓመታዊ ገቢ ከ300,000 ዶላር በታች የሆነ የሕክምና ተማሪዎች ከትምህርት ክፍያ ነፃ ሆነዋል፤ ከ175,000 ዶላር በታች ለሆኑት ደግሞ የኑሮ ወጪያቸውም ይሸፈናል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ለሚኖረው ትልቅ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ይህ ትምህርት ቤት በቅርብ በባልቲሞር የሚገኝ ነው።

በእነዚህ ሁለት መንገዶች መካከል ያለው ልዩነት ትኩረት ይሻል። ለሁሉም ነፃ የሆነ ትምህርት ቤት የአመልካቾችን ብዛት ይጨምራል፤ ውድድሩ ሲጠነክር ደግሞ በውድ ዋጋ ለፈተና የተዘጋጀው የባለጸጋ ልጅ ተጠቃሚ ሊሆን ይችላል የሚል ትችት ቀርቧል። የገቢ ገደብ ያበጀው መንገድ ገንዘቡን ወደሚያስፈልገው ቤተሰብ ያደርሳል፤ ነገር ግን ወደ በሩ የሚያደርሰውን የቀደመ ጉዞ አያቀልም። ከሁሉም በላይ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ጥቂት ናቸው። አብዛኛው ተማሪ አሁንም በሁለተኛው ደብዳቤ ፊት ብቻውን ይቆማል።

የድጋሚ ምርመራው በርም ቢሆን ለሁሉም እኩል የሚከፈት አይደለም። ሦስት ቅበላ የያዘ አመልካች አንዱን በሌላው ያስመዝናል፤ አንድ ብቻ ያለው የሚያሳየው የቤተሰቡን ሁኔታ ብቻ ነው። ወላጁ ሐኪም ወይም ጠበቃ የሆነ ተማሪ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ከቤቱ ይማራል፤ በቤተሰቡ የመጀመሪያው ተማሪ የሆነው በሩ መኖሩንም ላያውቅ ይችላል። የብድሩ ጣሪያ የዚህን የዕውቀት ልዩነት ዋጋ ከፍ አድርጎታል። ቀደም ሲል ያልጠየቀ ተማሪ በይበልጥ ዕዳ ይመረቅ ነበር፤ ከእንግዲህ ያልጠየቀ ተማሪ ቦታውን ሊለቅ ይችላል።

በዚህ ረገድ በየከተማው የሚገኙ መስጊዶች፣ የማኅበረሰብ ማኅበራትና ቀድመው በሙያው የተሰማሩ ሐኪሞች ሊሠሩት የሚችሉት ነገር አለ። በፌብሩዋሪና በማርች ወራት ቅበላ ያገኙ ተማሪዎችን ከወላጆቻቸው ጋር ሰብስቦ ቅጾቹን ማስረዳት፣ ሁለት ደብዳቤዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ቀሪ ወጪውን ማስላት፣ የማመልከቻውን ረቂቅ ማንበብ ከጥቂት ሰዓታት በላይ አይጠይቅም። ትምህርት ቤቱ ጥያቄውን ላይቀበለው ይችላል፤ ያም ቢሆን ተማሪው ከኤፕሪል 30 በፊት የሚያውቀው መልስ ይኖረዋል፤ ቀሪውን መንገድም አውቆ ይመርጣል።